በፍስክና በጾም መካከል የተሰቀለ ሥጋ

ገና ባለፈ ሰሞን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ወይም ከጎፋ ካምፕ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው በአንዳንዱ በረንዳ ላይ ከልብስ ማስጫው ጎን ሌላ ገመድ ተወጥሮ ያያል። በገመዱ ላይ በርበሬ የተለወሰ ዘልዛላ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ከበረንዳው በር ወዲያ ማቀዝቀዣ አለ፤ መብራት ካልጠፋ ያንኑ ሥጋ ለወራት ማቆየት ይችላል። ባለቤቲቱ ግን ከቅርጫው መደብ ቀዩን ለይታ፣ ዘልዝላ፣ በቅመም አሽታ ለአየር ሰጥታዋለች።

ቋንጣ የተፈለሰፈው ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ነው። ማቀዝቀዣው ከመጣ በኋላም አልጠፋም፤ እንዲያውም አዲስ ሥራ አግኝቷል። በባልትና ቤቶችና በሱፐርማርኬቶች ታሽጎ ይሸጣል፤ ወጣቶች በሚጥሚጣና በአዋዜ አጣፍጠው ከቢራ ጋር ያላምጡታል፤ ተማሪ በቦርሳው ይይዘዋል። ከድስት የሚገባው ቋንጣ በእጅ የሚበላ ቋንጣ እየሆነ ነው። ይህ ለውጥ ቀላል ይመስላል። ወደ ኋላ ሄደን ቋንጣ በምን በምን ተደግፎ እንደቆመ ስናይ ግን፣ ከድጋፎቹ አንዱ ሳናስተውለው እየወጣ መሆኑን እንረዳለን።

ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ በአክሱም በነገሡበት ዘመን አዱሊስን የረገጠው የግብጹ ነጋዴ ኮስማስ፣ ከአክሱም ወደ ደቡብ ወርቅ ፍለጋ ስለሚወርዱ ነጋዴዎች ጽፎ አልፏል። ነጋዴዎቹ ሳሱ ወደተባለው አገር የሚነዱት በሬ፣ የሚጭኑት ጨውና ብረት ነበር። ሲደርሱ ዙሪያቸውን በእሾህ ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ብልቱን ከእሾሁ ላይ ያኖራሉ፤ ጨውና ብረቱንም ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው ቀርቦ ከወደደው ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል አስቀምጦ ይርቃል፤ የሥጋው ባለቤት ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል። በእሾሁ ላይ የተቀመጠው ለዕለቱ ገበያ የታረደ ጥሬ ሥጋ እንጂ ቋንጣ አልነበረም። ቢሆንም የቋንጣ ታሪክ የሚያስፈልጉት ነገሮች በዚያ አጥር ዙሪያ ተሰብስበዋል፦ በሬ፣ ጨው፣ ከቤት የራቀ መንገድ።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል መዝግቧል። ከደናክል በረሃ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ደጋውን የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ሸዋ ላይ ከትግራይ ይበልጣል፣ ከፋ ላይ ደግሞ ከሸዋም ይብሳል።

ይህን ከአውሮፓ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የአውሮፓ መርከበኛ ሥጋውን በበርሜል ጨው ውስጥ ይቀብር ነበር፤ ሲበላ ጨዉን ለማውጣት በውኃ መዘፍዘፍ ግዴታው ነው። ገንዘቡን ለሥጋ መቅበሪያ የሚያፈስ ግን የለምና፣ በደጋው ኢትዮጵያ ጨው በጣት ይነካካል እንጂ አይደፋም። የጎደለውን ጨው መተካት የነበረበት ሌላ ነገር ነው። የተካውም ቢላ፣ አየርና ጭስ ነው።

ቢላውን እናስቀድም። ሥጋ የመዘልዘል ጥበብ ወፍራሙን ብልት ቀጭን ማድረግ ነው። ባለሙያዋ የሥጋውን ጭረት ተከትላ እስከ ጫፉ ትቆርጥና ሳትበጥስ ትመልሰዋለች፤ ገልብጣ እንደገና ትወርዳለች። በእጅ የተያዘው ሙዳ እየተተረተረ ክንድ የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚረዝም ዘልዛላ ይሆናል። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ትኩስ ቀይ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ውኃ ነው፤ ውኃው የሚወጣው በገጹ በኩል ስለሆነ ገጹ በሰፋና ውፍረቱ በቀነሰ ቁጥር ሥጋው ከመሽተቱ በፊት ይደርቃል። ጮማው የሚለየውም ስለዚህ ነው። ስብ አይደርቅም፤ ቢቆይ መጥፎ ጠረን ያመጣል።

አየሩ ደግሞ የደጋው ስጦታ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሥጋው ቀን ይጠወልጋል፣ ሌሊት በብርድ ይጠበቃል። ለተቀረው ወቅት ጭስ አለ። የገጠሩ ቤት ጣሪያ ከምድጃው በላይ ጠቁሮ የሚታየው፣ ቋንጣውም ከማገሩ በተወጠረ ገመድ ከዚያው ላይ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ጭሱ ዝንብ ያባርራል፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ በሥጋው ገጽ ላይ የሚቀረው ጥላሸትም ለሻጋታ አይመችም።

ዛሬ የቋንጣ መለያ የሚመስለን ቅላት ከሁሉም ዘግይቶ የመጣ ነው። በርበሬም ሆነ ሚጥሚጣ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በባሕር ንግድ ዓለምን ሲዞሩ ወደ እኛም ደረሱ። ከዚያ በፊት የነበረ ባልትና በእጁ የነበረው ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚወጣው ኮረሪማና ጥምዝ፣ እንዲሁም በንግድ የሚመጣ ቅመም ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወጣት ቋንጣውን በጥምዝና በኮረሪማ ብቻ ቢያጣፍጥ ያልተለመደ ነገር የፈጠረ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ከበርበሬው ቋንጣ ይልቅ ለጥንቱ ይቀርባል።

የቀን መቁጠሪያው ሥራ

ሥጋን ማድረቅ የዓለም ሁሉ ብልሃት ነው። የኛን ልዩ የሚያደርገው ያስገደደው ምክንያት ነው። በብዙ አገር ሥጋ የሚደርቀው ረኀብን ወይም ክረምትን ለመሻገር ነው። በኦርቶዶክሳዊው ደጋ ግን ሥጋው እያለ፣ ሰውም እየራበው፣ ሥጋ የማይበላበት ጊዜ አለ። ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት ከ180 ያላነሱ ናቸው፤ ካህናቱ ዘንድ ቁጥሩ ወደ 250 ይጠጋል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብም ይጾማሉ።

በዓሉ ደግሞ የሚያርደው በሙሉ በሬ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ ሰንጋ ይገዛል፤ ያርዳል፤ ከእያንዳንዱ ብልት እኩል እያነሣ መደብ መደብ ያደርግና ዕጣ ይጥላል። ሁሉም ከሽንጡም ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም ከሻኛውም ይደርሰዋል። ጥሬው በዕለቱ ይቆረጣል፤ ጥብሱ ይከተላል፤ ወጡ ይሠራል። ከፋሲካ ሰሞን በቀር ግን ረቡዕ ሲመጣ ድስቱ ይዘጋል። የተረፈው ሥጋ ረቡዕንና ዓርብን፣ ወይም ቅበላው ደርሶ ከሆነ ሙሉውን ዐቢይ ጾም መሻገር አለበት። ቋንጣ ሥጋውን ከአንድ ፍስክ ወደ ሌላው ፍስክ የሚያሻግር ድልድይ ነው።

ድልድዩ በሁሉም በዓል እኩል አይጠነክርም። ታኅሣሥ 29 የሚውለው ገና ከደረቁ ወቅት መካከል ስለሚገባ የገና ቋንጣ ያለ ብዙ ድካም ይደርቃል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚዘዋወር ብዙ ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ እንቁጣጣሽም ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ ይመጣል። የእነዚህ በዓላት ቋንጣ ምድጃና ዓይኑን የማያነሣ ባለቤት ይፈልጋል። ማለዳ ጉም ሲወርድ ወደ ቤት፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ደጅ እያሉ ማመላለስ ነው።

ምክንያቱ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በዒድ አል አድሐ፣ እኛ አረፋ በምንለው በዓል፣ በአንድ ቀን የሚታረደው ከብት ቤተሰብ ቶሎ የማይጨርሰው ሥጋ ያስገኛል፤ ለዘመድና ለድኻ ከተከፋፈለ በኋላ የቀረውን ዘልዝሎ በፀሐይ ማድረቅ በሙስሊሙ ዓለም የኖረ ልማድ ነው። በሶማሌ ክልል ደግሞ የግመል ወይም የከብት ሥጋ ከደረቀ በኋላ ደቅቆ ተከትፎ በቅቤ ይጠበስና ያው ቅቤ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙቅማድ ይሉታል። ደጋው በጭስ የሚጠብቀውን ቆላው በቅቤ ይጠብቃል።

ስንቅና ዓድዋ

ስለ ቋንጣ ሲወራ ዓድዋ ይነሣል፤ ጀግኖቹ ቋንጣና በሶ ሰንቀው እንደዘመቱ በየዓመቱ እንሰማለን። ነገሩ እውነት አለው፤ የዘመኑ ሠራዊት አብዛኛውን ስንቁን ከየቤቱ ጭኖ የሚወጣ ነበርና። ነገር ግን ትረካውን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ማመሳከር ተገቢ ነው።

ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ተደረገ። መነሻውንና ውጊያውን ጨምሮ 142 ቀናት ይሆናሉ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ፤ የአምባላጌ ድል ኅዳር 28 የተገኘው በዚሁ ጾም ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 3 ነበር፤ የዓድዋው እሑድ የጾሙ 21ኛ ቀን ላይ ዋለ። የረቡዕና የዓርቡ ሲታከልበት በሥርዓቱ መሠረት ከዘመቻው ቀናት ከግማሽ በላይ ሥጋ የማይበላባቸው ናቸው።

ስለዚህ ለጾመኛው ወታደር የዘወትር ስንቁ በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው ነበር፤ ቋንጣው የሚፈታው በፍስኩ ሳምንታት ነው። ይህ የቋንጣውን ክብር አይቀንሰውም። ቀላል ነው፣ ለአጋሰስ አይከብድም፣ አንድ ኪሎ ትኩስ ሥጋ ከደረቀ በኋላ ሦስት መቶ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ከሁሉም በላይ ጾሙን መጠበቅ ይችላል። ትኩስ ሥጋ ዛሬ ካልተበላ ይጠፋል፤ ቋንጣ ጾሙ እስኪያልቅ ይታገሣል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ያ ሠራዊት ከመዝመቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አገሪቱ ከብት አልባ ለመሆን ተቃርባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት ደስታ በሽታ ደጋውን ጠራርጎ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ አስከተለ። ከአገሪቱ ከብት እስከ ዘጠና በመቶ የሚደርሰው እንዳለቀ ይገመታል። ማረሻ የሚጎትት በሬ ጠፍቶ ሰው በዶማ ቆፈረ፤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው አርአያ ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. ቋንጣ የሰነቀ ዘማች ገና በማገገም ላይ ካለ መንጋ የተገኘ ሥጋ ነበር የያዘው። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት አገር ከዚያ ጥፋት የተረፈች ናት።

ቄራ፣ ቅርጫና ኮንዶሚኒየም

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የዛሬው ንፋስ ስልክ ላፍቶ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ወደዚህ አቅጣጫ ካመጣቻቸው ነገሮች አንዱ እርድ ነው። በ1940ዎቹ መገባደጃ ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ከጎፋ በተያያዘው ሰፈር ተተክሎ ስሙን ለሰፈሩ ሰጠ። ድርጅቱ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ የተለያየ የእርድ መስመር ይዞ ሁለቱንም ያገለግላል። ከብቱ ከመታረዱ በፊትና ከታረደ በኋላ በባለሙያ ይመረመራል፤ ኮሶ ወይም ሌላ ሕመም የተገኘበት ይወገዳል።

የሰፈሩ ቅርጫ ግን ሁልጊዜ በቄራ በኩል አያልፍም። በበዓል ዋዜማ በየመንደሩ የሚታረደው ሰንጋ ሐኪም ሳያየው መደብ ይሆናል። ይህ ስለ ቋንጣ ስናወራ የሚጠቅመን ነጥብ ነው። ጥሬውን የሚበላ ሰው አደጋውን አውቆ ይበላል፤ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ቋንጣውን ግን ብዙ ሰው «ደርቋል፣ ምንም አይለውም» ብሎ ያምነዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የቋንጣውን አድራሻ ቀየረው። ከጀሞ አንድ እስከ ሦስት፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ከግቢ ወደ ፎቅ ወጣ። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ባህሉን አልረሱም፤ ነዋሪው ኮሙናል የሚለው ቤት የታሰበው እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና ከብት ለማረድ ጭምር ነው። ቅርጫው ስለዚህ ፎቅ ቤት ውስጥም ቀጠለ። ያልቀጠለው ጭሱ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚበስልበት ወጥ ቤት ጣሪያው አይጠቁርም፤ ከማገር የሚወጠር ገመድም የለውም። ቋንጣው ወደ በረንዳ ወጣ፤ በረንዳውም ብዙ ጊዜ ወደ አስፋልት ያያል። የጭነት መኪና ጥላሸት፣ የግንባታ አቧራና ዝንብ የአዲሱ ማጀት እንግዶች ናቸው።

እንዲህ አድርገን ስንቆጥር ከጥንቱ ድጋፎች ቀጭኑ ቢላ፣ ጨውና ደረቁ አየር አሉ። ጨው እንዲያውም ረክሷል፤ ዛሬ ማንም እንደልቡ ያገኘዋል። ጭሱ ቀርቷል። አሁን እየቀረ ያለው ደግሞ ድስቱ ነው።

ድስቱ ያደርገው የነበረው

በልማዳችን ቋንጣ ከገመድ ወርዶ በቀጥታ አፍ የሚገባው አልፎ አልፎ፣ ልጆች ሲሰርቁት ነው። ዋናው መንገዱ በድስት በኩል ነው። በሙቀጫ ይቀጠቀጣል ወይም ይሰባበራል፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ገብቶ ይንተከተካል፤ ቅቤ ይወርድበታል፤ እንጀራ ይፈረፈርበታል። ወይም ከሽሮ ጋር ቦዘና ይሆናል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህም ሥጋ ላይ የሚገኙትን ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች፣ የኮሶንም እጭ ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። እናቶቻችን የባክቴሪያ ስም ሳይጠሩ ሥራውን ለቁሌቱ ሰጥተውት ነበር። የተሰቀለው ሥጋ ጥሬ ነው፤ የሚበስለው በኋላ ነው።

ከቢራ ጋር የሚላመጠው የአዋዜ ቋንጣ ይህን ደረጃ ዘሎታል። ማድረቅ ብቻውን አያበስልም። ባክቴሪያዎቹ ውኃ ሲያጡ መራባት ያቆማሉ እንጂ ሁሉም አይሞቱም፤ ቀስ ብለው የደረቁት እንዲያውም በኋላ ሙቀትን ይቋቋማሉ። ሚጥሚጣው ምላስ ያቃጥላል፣ ሎሚው ይጎመዝዛል፣ ይሁን እንጂ ሁለቱም ሙቀትን አይተኩም። በርበሬው ራሱ በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ሻጋታ ይዞ ይመጣል።

አሜሪካኖች ይህን ችግር ቀድመው ተጋፍጠውታል። በእጅ የሚበላው የደረቀ ሥጋቸው በየቤቱ ማድረቂያ ሲሠራ ሰዎች መታመማቸው ከታየ በኋላ የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት የበሬ ሥጋ ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ መምከር ጀመረ። ሌሎችም የራሳቸው መንገድ አላቸው። የደቡብ አፍሪካው ቢልቶንግ በኮምጣጤና በድንብላል ይታሻል። የናይጄሪያና የኒጀር ሐውሳዎች ኪሊሺ ለኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳው ሥጋ መጀመሪያ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ በለውዝ ልውስና በቃሪያ ቅመም ይነከራል፣ በመጨረሻ በፍም ዳር ይጠበሳል። ሐውሳዎቹ በእጅ የሚበላ ደረቅ ሥጋ በእሳት መጨረስ እንዳለበት ከልማዳቸው አውቀውታል። ከሦስቱ የምንማር ከሆነ ትምህርቱ ከኪሊሺ ይገኛል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ በእጅ የሚበላ ቋንጣ የሚያሰናዳ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ይበጀዋል። ሥጋው ጮማ የሌለበት፣ ምርመራ ያለፈ ይሁን፤ ምንጩ ካልታወቀ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት የኮሶን ፍርሃት ያስወግዳል። ሲዘለዘል ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይብለጥ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ይበቃል፤ ይህም ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ቅመሙ እንደ ፍላጎት ነው፦ በርበሬና ኮረሪማ፣ ወይም ሚጥሚጣ ከቁንዶ በርበሬ ጋር፣ ወይም ጥምዝና የደረቀ ነጭ ሽንኩርት። አዋዜ የመረጠ ቀጠን አድርጎ በሎሚ ያላላው፤ ወፍራም አዋዜ ገጹን ሸፍኖ የውስጡን ውኃ ያግተዋል።

ሙቀቱን የሚሰጥበት ጊዜ ምርጫ አለው። አንዱ መንገድ ዘልዛላውን በአዋዜው ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል አፍልቶ፣ አጠንፍፎ ከዚያ ማድረቅ ነው። ሌላው በመጀመሪያ አድርቆ በመጨረሻ 135 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ማስገባት ነው፤ ይህኛው የቋንጣውን መልክና ጥርስ ላይ የሚሰጠውን ስሜት ይጠብቃል። ለማድረቁ በጥርና በታኅሣሥ በመረብ የተሸፈነ በረንዳ ይበቃል፤ በክረምትና በበልግ ግን ኦቭኑን 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጎ በሩን ገርበብ ማድረግ ይሻላል። ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየና እርጥበት ካላወጣ ደርሷል። ቀዝቅዞ በደረቅ ብልቃጥ ይታሸግ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆየው ፍሪጅ ይግባ።

ድስት የሚጠብቀው ቋንጣ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ቢሆንም አንድ ነገር ድስቱም አያድነውም። ከእጅና ከአፍንጫ ወደ ሥጋ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ ጨው ብዙ አያስቸግረውም፤ ሥጋው ለቀናት እርጥብ ሆኖ ከቆየ የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ዘልዛላው ቀጭን፣ ማድረቁ ፈጣን፣ እጁ የታጠበ እንዲሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው። በዝናብ ሳምንት ተሰቅሎ የሸተተ ቋንጣ በቁሌት ሲንተከተክ ሽታው ይሸፈን ይሆናል እንጂ አይፈወስም።

ሻንጣና ገበያ

ቋንጣ ዛሬም የመንገድ ምግብ ነው፤ መንገዱ ግን በአየር ሆኗል። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሮም ለሚሄድ ልጅ እናት ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ቋንጣ ትቋጥራለች። ሽሮው ያልፋል፤ ቋንጣው ላይ ችግር አለ። አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ ካለባቸው አገሮች መንገደኛ ሥጋ ይዞ እንዳይገባ አሜሪካ ትከለክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ በሻንጣው ሥጋና የወተት ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅድም። ደርቋል፣ ታሽጓል፣ የእናቴ ነው ማለት ክልከላውን አያነሣውም። በዚህ የተነሣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በርበሬውን ከአገር ያስመጣሉ፣ ሥጋውን ከሠፈራቸው ይገዛሉ፣ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያደርቁታል። የአገሩ ቅመም በእጃቸው ነው፤ የአገሩ ታኅሣሥ ግን በማሽን ነው የሚተካው።

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ቋንጣ ከባልትና ወደ ንግድ እየተሸጋገረ ነው። ትኩሱ ሲደርቅ ክብደቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ስለሚወርድ፣ የበሬ ዋጋ በናረበት ዘመን ደረቅ ቋንጣ ውድ ዕቃ መሆኑ አይቀርም። ውድነቱ ሁለት ፈተና ያመጣል፦ በደንብ ሳያደርቁ ውኃውን በሥጋ ዋጋ መሸጥና ጮማ መቀላቀል። ሁለቱም ቋንጣው ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። ሸማች በፌስታሉ ውስጥ ላብ ካየ፣ ወይም ሲነካው ለስላሳ ከሆነበት መተው አለበት።

ለኔ ቀጣዩ ጥያቄ ቋንጣው ይኖራል ወይ የሚል አይደለም። ከጾሙ፣ ከዘመቻው፣ ከከብት እልቂቱና ከፎቁ ተርፏልና ይኖራል። የሚያስፈልገው ሁለቱን ቋንጣ በግልጽ መለየት ነው። ለድስት የተሰቀለው እንደ ጥሬ ሥጋ ይያዝ፤ ልጅም ከገመዱ ቆርሶ እንዳይበላው ይነገረው። በእጅ የሚበላው በእሳት ይጨረስ፤ ሻጩም ይህን በማሸጊያው ላይ ይጻፍ፣ መቼ እንደታረደና መቼ እንደደረቀም ያስፍር። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለሙያ እናቶች መዘልዘሉን፣ ቅመሙንና ወቅቱን ያውቁታል፤ የሚጨመርባቸው አንድ ቴርሞሜትርና የ10 ደቂቃ እሳት ብቻ ነው። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ላለማድረግ የሚቀርብ ሰበብ አይኖርም።